ቀጠሮ ያለው ትዕግስት

ደሴ ፒያሳ መጽሐፍ አዟሪዎች ይዘውት የሚዞሩትን ክምር ያየ ሰው ራስን ስለማሻሻል የሚመክሩ ርዕሶችን አያጣም። ምክራቸው ተቀራራቢ ነው፦ ታገስ፣ ራስህን መርምር፣ ያለፈውን ልቀቀው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ የጎደለው እንዴት የሚለው ነው። አንባቢው ማታ ገጹን አጥፎ ሲተኛ ቂሙም አብሮት ይተኛል፣ ጠዋትም አብሮት ይነሳል። በወሎ ገጠር፣ ለምሳሌ ከሐይቅ ከተማ በስተምሥራቅ ባለችው የወረባቦ ወረዳ ከተማ በቢስቲማና በአካባቢዋ፣ ይህ ጉዳይ እነዚህ መጻሕፍት ሳይታተሙ በፊት በሽማግሌ እጅ የነበረ ነው። ከዚያ ሥርዓት የምወስደው አንድ ነገር አለ። ቂምን መተው ሰው ብቻውን በልቡ ወስኖ የሚገላገለው ነገር አይመስለኝም፤ ጊዜ ተቆርጦለት፣ ሰው እየሰማው፣ በአፍ የሚወጣ ሥራ ነው።

ወረባቦ በምሥራቅ በኩል ከአፋር ጋር ትዋሰናለች። የግጦሽና የውሃ ጠብ ባለበት ቦታ ሁሉ እንደሚሆነው ደም የፈሰሰ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ (በወሎ አንዳንድ ቦታ አባጋር ይባላሉ) በዚያው ቀን ታረቁ አይሉም። መጀመሪያ ነገሩ ይብረድ ይባላል። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ይጠየቃሉ፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮው ይራዘማል። ሲገናኙም ዱዓ አለ፣ ቡና አለ። ቡናው ራሱ ሰዓት ይበላል፤ ፍሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጀበናው ፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ብዙ ነገር ይወራል። በረካው ሳይደርስ ተነስቶ መሄድ ነውር ስለሆነ የተናደደውም ሰው እዚያው ረከቦቱ ዳር ይቆያል። የትዕግስት ትምህርት እንዲህ በሲኒ ተለክቶ ሲሰጥ ከማንም ስብከት ይልቅ ይገባኛል። ከዚያ በኋላ በዳይ ያጠፋውን በራሱ አፍ ይናገራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ አፉ በሉኝ ይባላል። ተበዳይ አፉ ብያለሁ የሚለው ከዚህ ሁሉ ወዲያ ነው።

ይህን ነገር የአገር ቤት ልማድ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ካለ፣ ሌሎችም በሌላ መንገድ ተጠግተውታል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የጄምስ ፔኔቤከር ጥናት በቴክሳስ ተማሪዎችን ለአራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ የደረሰባቸውን ከባድ ነገር እንዲጽፉ አደረገ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ የመሄዳቸው ነገር ቀንሶ ተገኘ። ጽፈው እንደጨረሱ ግን ስሜታቸው ከበፊቱ የከፋ ነበር። ይህችን ለምን አነሳኋት? ነገሩን ማውጣት መጀመሪያ ላይ ያማል፣ ያመመው ሁሉ ደግሞ አልተሳካም ማለት አይደለም። ሁለተኛው ማስረጃ ራስን መመርመርን ለሚያወድሱ የሚጎረብጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ ቀደም ሲል የመዘነቻቸውን የስታንፎርድ ተማሪዎች ተከታትላ ነበር፤ ከአደጋው በፊትም ሐዘናቸውን ደጋግመው የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ከሰባት ሳምንት በኋላም ይበልጥ በድብርት ተይዘው ተገኙ። ሰው ራሱን መረመርኩ ሲል ብዙ ጊዜ እያብሰለሰለ ነው፤ ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም እሱ ራሱ ነው። በሽምግልና ፊት ግን አንተስ ምን ጎድሎብህ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ሰው አለ። ጥያቄው ከውጭ ስለሚመጣ ሐሳቡ በዚያው ክብ አይዞርም።

የሚነሳብኝን ሙግት አውቀዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ትዕግስት በአገራችን ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም፤ ባሏ የሚበድላት ሴት ቻይው ትባላለች፣ ሽማግሌዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፣ ጉባኤው የሚበተነውም ለልጆችሽ ስትይ ተብሎ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሥርዓቱንም ከዚህ ወቀሳ ነጻ ላወጣው አልሞክርም። ግን ቻይውን ከመተው ጋር ያምታታብን ሆድ ይፍጀው የሚለው ፈሊጣችን ይመስለኛል። ሆድ የሚፈጀው ነገር አልተተወም፤ ተውጧል። የተዋጠ ነገር ደግሞ ከዓመት በኋላ በትንሽ ነገር፣ በጨው ማነስ፣ በሰላምታ መዘግየት ይወጣል። ቻይው የተባለችው ሴት የተነፈገችው በዳዩ በሰው ፊት ያደረገውን የሚናገርባትን ያችን ቀን ነው።

ሌላው ሙግት ይከብዳል። ሽምግልና የሚሠራው በዳይና ተበዳይ አንድ ገበያ የሚወጡ ሲሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ህዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩባቸው ሳምንታት የተበደለ ሰው በዳዩን ከየት አምጥቶ ረከቦት ዳር ያስቀምጠዋል? ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። የማውቀው ይቅርታን በጅምላ ማወጅ እንደማይሠራ ነው። ደቡብ አፍሪካ በእውነትና እርቅ ኮሚሽኗ ስትመሰገን፣ በአፓርታይድ ፖሊስ እጅ የሞተው የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብና ሌሎች ተጎጂዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ለበዳዮች ምሕረት የሚሰጠውን ድንጋጌ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተሟግተውት ነበር። ተረቱ፤ ሙግታቸው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፦ እኛ ሳንጠየቅ ማን ነው አፉ ያለልን? እኛም ዘንድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። እኔ የምጠብቀው ከፖሊሲው ወዲያ ያለውን ቀጠሮ ነው፤ የት፣ በማን ፊት፣ በየትኛው ቀን።