ጠባሳው የት ቦታ ነው?

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የወረደ ሰው ሊማሊሞን አይረሳም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተቆርሶ የተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ተራራ። በክረምት አንድ ናዳ ሲወርድበት መኪናው ሁሉ ይቆማል። ያው ድንጋይ ዳባት ሜዳው ላይ ቢወድቅ ግን ሾፌሩ ዞር ብሎ ያልፋል።

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለውን የነርቭ ሕመም ለመረዳት ይህ ምሳሌ ይጠቅማል።

በዚህ ሕመም የሰውነት የመከላከል አቅም ተሳስቶ የገዛ ነርቮቻችንን ልባስ ያጠቃል። ማይሊን የተባለው ይህ ልባስ የኤሌክትሪክ ሽቦን እንደሚሸፍነው ፕላስቲክ ነው። ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል፤ ቦታውም ይጠብሳል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ይበዛል፤ እኛ ዘንድ ግን የለም ማለት አይደለም።

ቤተሰብን ግራ የሚያጋባው ነገር አለ። አንዱ አንጎሉ ላይ ብዙ ጠባሳ ታይቶበት ሥራውን ይሠራል፤ ሌላዋ በጥቂት ጠባሳ ምርኩዝ ትይዛለች። ልዩነቱ ከቁጥሩ ይልቅ ከቦታው ሊመጣ ይችላል። አንጎል ሰፊ ስለሆነ ለአንዳንዱ ጉዳት ሌላ መተላለፊያ ያገኛል። በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ግን የትንሽ ጣት ያህል ቀጭን ነው፤ ለእጅ፣ ለእግርና ለሽንት ፊኛ የሚሄደው መልእክት ሁሉ በእሱ ያልፋል። እዚያ ያረፈ ጠባሳ ሊማሊሞ ላይ እንደወረደ ናዳ ነው። ሐኪሞችም ወደፊት የመራመድ ችግር ሊመጣ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ አድርገው ያዩታል። ጠባሳው የዓይን ነርቭ ላይ ሲሆን አንድ ዓይን ይደበዝዛል፤ ከኋላ ባለው ትንሹ አንጎል ላይ ሲሆን ሰውየው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል። ሳይጠጣ «ጠጥቷል» የሚባል ልጅ ስንቱ ነው!

ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊለቅ ይችላል። «ተመስገን፣ ዳነች» ብለን ክትትሉን የምናቋርጠው ያኔ ነው። ጠባሳው ግን አለ፤ ሌላም ሊከተል ይችላል። አዲስ ጥቃት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚረዱት ቀድመው ሲጀመሩ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ጠባሳው የት ቦታ ነው? ከጭንቅላቷ ሌላ አንገቷና ጀርባዋስ በኤምአርአይ መታየት አለባቸው?» በራሳችሁ ግን ለሕመሙ ስም አታውጡ። እግር የሚያደክም የአከርካሪ ቲቢም የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አለ፤ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ምርመራው ከጤና ጣቢያ ይጀመር፤ ሪፈር ከተጻፈ ደግሞ የጎንደር መንገድ አይክበዳችሁ።

አያቶችም ይህን ያዙልን። ታማሚዋ ከደጋው ደባርቅ ወደ ቆላው ስትወርድ በሙቀቱ እግሯ ሊዝል፣ ዓይኗ ሊደበዝዝ ይችላል። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰላት አዲስ ጠባሳ ወጣ ማለት አይደለም፤ ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ስጧት። ከአንድ ቀን በላይ የቆየ አዲስ ምልክት ግን ሐኪም ይየው። «ደከመኝ» ስትልም ስንፍና አትበሉት።

ቸር ሰንብቱ።