በዓይን ውስጥ የሚተከሉ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች፦ የነገ ተስፋና ዛሬ የሚገኝ ሕክምና

«መርካቶ የማይገኝ ዕቃ የለም» የሚለው አባባል በአዲስ አበባ ነዋሪ ዘንድ የታወቀ ነው። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ብርሃን ይመልሳሉ የሚባሉት፣ በቀዶ ሕክምና በዓይን ውስጥ የሚተከሉ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ግን ከዚህ አባባል ውጪ ናቸው። ስለ መሣሪያዎቹ የሚሰራጩ ዜናዎች በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ተስፋ ማሳደራቸው የሚጠበቅ ነው። ተስፋው በትክክለኛ መረጃ ካልተደገፈ ግን ዛሬ ሊድን የሚችል ዓይን የነገውን መሣሪያ ሲጠብቅ ሊጎዳ ይችላል።

መሣሪያዎቹ ምን ይሠራሉ?

ጤናማ ዓይን ብርሃንን በኮርኒያና በሌንስ አሳልፎ በዓይን የውስጠኛ ግድግዳ በሚገኘው ሬቲና ላይ ያሳርፋል። ሬቲናም ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ በዕይታ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካል። እስካሁን በይበልጥ የታወቁት መሣሪያዎች የሚተኩት በሬቲና ላይ የሞቱትን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ሥራ ብቻ ነው።

ከእነዚህ መካከል ፕሪማ የተባለው 2 ሚሊ ሜትር በ2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቺፕ ሲሆን፣ ካሜራ ከተገጠመለት መነጽር የሚላክለትን የማይታይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። በአምስት የአውሮፓ አገሮች በተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ በሆነው ጥናት መሣሪያው የተተከለው ለ38 ሰዎች ነበር። የአንድ ዓመት ክትትሉን ካጠናቀቁት 32 ሰዎች መካከል 26ቱ ፊደል የመለየት ችሎታቸው በጉልህ ተሻሽሏል። ተሳታፊዎቹ በዕድሜ ምክንያት የሬቲናቸው ማዕከላዊ ክፍል የተጎዳባቸው ነበሩ። የሚያገኙት ዕይታም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ረዘም ያለ ልምምድ የሚጠይቅ ነው።

የመለዋወጫ ጥያቄ

በመርካቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መለዋወጫ የሚገኝለት መሆኑንም ይጠይቃል። በዓይን ውስጥ ለሚተከል መሣሪያ ይህ ጥያቄ እጅግ የከበደ ነው። አርገስ ሁለት የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 በአገሩ የሽያጭ ፈቃድ ያገኘ ሲሆን፣ 60 ኤሌክትሮዶች ነበሩት፤ ዋጋውም 150,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። በዓለም ዙሪያ ወደ 350 ለሚጠጉ ሰዎች ከተተከለ በኋላ አምራቹ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ምርቱን አቆመ፤ በቀጣዩ ዓመትም ለኪሳራ ተቃረበ። መሣሪያው የተተከለላቸው ሰዎች ብልሽት ሲያጋጥማቸው ጥገናና መለዋወጫ የሚያገኙበት መንገድ ጠበባቸው። በሰውነት ውስጥ የቀረ መሣሪያ እንደ ሌላ ዕቃ ተመልሶ የሚሸጥ አይደለም። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሕክምና ዋጋ ቀዶ ሕክምናውን ብቻ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ክትትሉንም ይጨምራል።

በኢትዮጵያ የዓይነ ሥውርነት መንስኤዎች

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ሥውር መሆኑ ተረጋግጧል። ከመንስኤዎቹ የዓይን ሞራ ግርዶሽ 49.9 በመቶ፣ በትራኮማ ምክንያት የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ፣ የሬቲና ማዕከላዊ ክፍል ጉዳት ደግሞ 4.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ከዓይነ ሥውርነቱ 87.4 በመቶው ሊከላከሉት ወይም ሊታከም የሚችል ነበር።

ከእነዚህ አኃዞች የሚገኘው መልእክት ግልጽ ነው። የሬቲና መሣሪያ ለሞራ ግርዶሽም ሆነ ለኮርኒያ ጠባሳ መፍትሔ አይደለም። ግላኮማም የሚጎዳው የዕይታ ነርቭን በመሆኑ፣ ምልክቱን በዚያው ነርቭ የሚልክ መሣሪያ አይረዳውም። በቀጥታ በአንጎል ላይ የሚተከሉ መሣሪያዎች ደግሞ ገና በሙከራ ላይ ናቸው።

ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ተከላ

ለሞራ ግርዶሽ የሚተከለው መሣሪያ ባትሪም ሆነ ካሜራ አያስፈልገውም። የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ ቀዶ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ይህ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደን፣ በሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ ነበር። በወቅቱ ከሙያ ባልደረቦቹ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። ለብዙ ዓመታትም ዋጋው ለድኻ አገሮች የማይቀመስ ነበር። በ1990ዎቹ በአስመራና በካትማንዱ ማምረቻዎች ሲከፈቱ ግን ዋጋው ብዙኃኑ ሊደርስበት ወደሚችል ደረጃ ወረደ። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችም ለኢትዮጵያውያን የሚደርሱት ዋጋቸው ሲቀንስና የጥገና ዋስትናቸው ሲረጋገጥ ይሆናል።

ኮርኒያቸው ለተጎዳ ሰዎች ደግሞ የሚተካው ከለጋሾች የሚገኝ ኮርኒያ ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ ሲሆን፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ከኅልፈታቸው በኋላ ለመለገስ ቃል በመግባት አርአያ ሆነዋል። ልገሳው ከኅልፈት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መከናወን ስላለበት፣ ቃል የገባ ሰው ውሳኔውን ለቤተሰቡ ማሳወቁ አስፈላጊ ነው።

ለመርካቶና ለአካባቢው ተገልጋዮች

በምናለሽ ተራ ብረት ለሚቀጠቅጡ፣ ለሚቆርጡና ለሚበይዱ ባለሙያዎች የመጀመሪያው የዓይን ሕክምና መከላከያ መነጽር ነው። የብረት ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ሲገባ ዓይንን ማሸት፣ በጨርቅ ጫፍ ወይም በክብሪት እንጨት ለማውጣት መሞከር ኮርኒያን ለዘለቄታው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ተጎጂው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ዕይታቸው የቀነሰ ነዋሪዎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቀርበው መመርመር ይጠበቅባቸዋል። ተጨማሪ ሕክምና ሲያስፈልግ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ወደሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች በሪፈር ይላካሉ። ተገልጋዮች የሪፈር ወረቀታቸውንና መታወቂያቸውን፣ የጤና መድን አባላትም የአባልነት ደብተራቸውን ይዘው መቅረብ ይገባቸዋል። በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት ሰው ሕመም ባይሰማውም እንኳ መመርመር አለበት፤ በግላኮማ የጠፋ ዕይታ አይመለስም፤ የቀረውን ግን በወቅቱ በሚጀመር ሕክምና ማቆየት ይቻላል።

የኤሌክትሮኒክ ዓይን ተከላ በአሁኑ ወቅት በኢትዮጵያ የሕክምና ተቋማት የሚሰጥ አገልግሎት አይደለም። «እናስመጣለን» ወይም «እናስተክላለን» በሚል ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ አካል ሲያጋጥም ገንዘብ ከመክፈል መቆጠብና የዓይን ሐኪም ማማከር ይገባል። ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄም አንድ ነው፦ ዕይታውን የቀነሰው የትኛው የዓይን ክፍል ነው? መልሱ የሞራ ግርዶሽ ከሆነ፣ ብርሃኑን የሚመልሰው ሕክምና ዛሬ በአገር ውስጥ ይገኛል።