ወኅኒ ያለች እናትና ልጅዋ

ልጆች ሆይ፥ ኮሮና የሚባለው ተስቦ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ወደ ወኅኒ ቤት ጠያቂ እንዳይገባም ተከለከለ። ሰው ተጨናንቆ በሚተነፍስበት ስፍራ በሽታው ይበረታልና፥ መንግሥት በዚያው ወር ከ4,000 ለሚበልጡ እስረኞች ይቅርታ አደረገ።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ወላጆች ሁሉ ተጨነቁ። አሁን አንዲት እናት በቃሊቲ ታስራ፥ ልጅዋ ከአያቱ ጋር ቢኖር እናስብ። አያቱ ስለ በሽታው ፈርተው «ዘንድሮ ይቅር» ይላሉ፤ እናቲቱ ግን «ይሂድ» ብላ ትልካለች።

እኔ ከእናቲቱ ጋር ነኝ። ወኅኒ ቤቱ የሚቀልለው እስረኛ ሲፈታ ነው፤ ክፍል ግን ተማሪ ሳይባረር በፈረቃ ይቀልላል፥ እንዲሁም ተደረገ። ልጁም አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፥ እጁን በሳሙና ታጥቦ ይማራል። በራዲዮ የተሰጠው ትምህርት ራዲዮ ለሌለው ቤት ምን ረባው?

አያቱ በጽኑ የታመሙ እንደ ሆነ ግን፥ በሽታው ሽማግሌን ይጐዳልና፥ ጥቂት ቢቈይ አልነቅፍም።

ጠያቂ በተከለከለባቸው ወራት እናቱ ደብዳቤ ብትጽፍለት ኖሮ ማን ያነብለት ነበር? አያቱ ፊደል አልቈጠሩም።