ጊታር የሰነፍ መጫወቻ አይደለም

አንባቢ ሆይ፤ በከተማችን በአዳማ ልጁ ጊታር ሲያነሣ ያየ ብዙ አባት «አዝማሪ ልትሆን ነውን? ይህ እንጀራ ይሆንሃልን?» ብሎ ይቆጣል። እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርሁ። የልጄን ጊታር ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ስድስት ወር አስቀመጥሁበት። ልጁ ግን በዚህ ትጉህ አልሆነም፤ ዝምተኛ ሆነ እንጂ።

የምንንቀውን ሥራ የምናከብረው ሠሪው ሲሞት ነው። የድሬዳዋው ተወላጅ ዓሊ ቢራ ዑድ ከለመደ በኋላ ጊታርን በገዛ ራሱ ተማረ፤ በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል አገለገለ፤ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ዘፈነ፤ በ2002 ዓ.ም. የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ሲያርፍ አገር አለቀሰ። ካለቀሱት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ የሣጥኑ ቁልፍ ግን በኪሴ ነበር። እንዲህ ያለው ልቅሶ ግብዝነት አይደለምን?

አንተም ወጣት ሆይ፤ ይህን ሰምተህ አትኩራ። ጊታር በትከሻው ያንጠለጠለ ሁሉ ሙዚቀኛ አይባልም። ጆሮህ የጣትህን ስሕተት እስኪለይ ድረስ በየቀኑ ተለማመድ። ዝናን ቁጭ ብለህ አትጠብቅ፤ በሞጆም በባቱም በሻሸመኔም ሰርግ ተጫወት፤ ሕፃናትን አስተምር፤ የተሰበረ ጊታር ጠግን። የቀጠርኸውን ሰዓት አክብር፤ በመሸታ ቤት ያገኘኸውንም ገንዘብ እዚያው ጠጥተህ አትውጣ። ሥራን የሚያስከብረው የሠሪው ጠባይ ነውና።

እኔ ቁልፉን ለልጄ መልሻለሁ። አባቶች ሆይ፤ የእናንተስ ቁልፍ የት አለ?