ስለ ቻይና የመርፌ ሕክምናና ስለ ምርመራው

በሥጋው ደዌ ያደረበት ሰው ፈውስን ከየትም ቢመጣ ይሻል፤ የመድኃኒቱን አገር አይጠይቅም፥ የሐኪሙንም ቋንቋ አይመርጥም። ስለዚህ ይህ ይጠቅማል፥ ያ ግን ይጎዳል ብሎ መርምሮ መለየት በመኝታው ላይ የሚጨነቀው ሰው ሥራ ሳይሆን በሥልጣን ወንበር የተቀመጠው ሹም፥ ሕዝቡም ምክሩን የሚሰማው ካህን ሥራ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ የቻይና ሐኪሞች ቡድን እየተለዋወጠ ወደ ኢትዮጵያ በመምጣት በሆስፒታሎች ሲያገለግል ቆይቷል (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከነዚሁም ሐኪሞች መካከል በቀጭን መርፌ የሚያክሙ ባለሙያዎች ይገኙባቸዋል። ስለዚህ የመርፌው ነገር በሩቅ አገር የሚወራ ወሬ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሕክምና ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው ወገን እንግዳ ነገር ስለ ሆነ ከጥንቆላ ቆጥሮ ይነቅፈዋል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሁለት ሺህ ዓመት የኖረ ጥበብ ሐሰት ሊሆን አይችልም ብሎ ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። ሁለቱም ከምርመራ በፊት የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። እንግድነት ሐሰተኛነትን አያስረዳም፤ ዕድሜም እውነተኛነትን አያስረዳም። ደምን በማፍሰስ ማከም በአውሮፓ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሮ፥ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሕሙማኑ ቁጥር እየተጻፈ ሲመረመር፥ ለአብዛኛው ደዌ የማይጠቅም ሆኖ ተገኝቷል።

የቻይና ጥንታዊ ሕክምና መሠረት የሚባለው መጽሐፍ፥ ይኸውም በቢጫው ንጉሠ ነገሥት ስም የተሰየመው፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት ሁለት ምዕተ ዓመታት ገደማ የተጠናቀረ ነው። በርሱ ትምህርት በሰው አካል ውስጥ ቺ የሚባል ኃይል በታወቁ መንገዶች ይመላለሳል፤ ከመንገዶቹም ዋናዎቹ 12 ናቸው፤ ኃይሉ ሲታገድ ወይም ሲጎድል ሰው ይታመማል፤ በመንገዶቹ ላይ በሚገኙት ነጥቦች መርፌ ሲተከል ግን ይቃናል ይባላል። ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት ዘንድ የተመዘገቡት ነጥቦች 361 ናቸው። ከመርፌውም ጋር ከጭቁኝ ወገን የሆነ የደረቀ ቅጠል እያጤሱ ነጥቦቹን ማሞቅ የተለመደ ነው።

ሐኪሙ መርፌውን ከመትከሉ በፊት ሕመምተኛውን በአራት መንገድ ይመረምረዋል። የፊቱን መልክና ምላሱን ያያል፤ ድምፁንና ትንፋሹን ይሰማል፥ ጠረኑንም ያሸታል፤ ስለ እንቅልፉ፥ ስለ መብሉ፥ ስለ ላቡ ይጠይቀዋል፤ በመጨረሻም የደም ሥሩን ትርታ ይዳስሳል። ለዚህም ሦስት ጣቶቹን በእጁ አንጓ ላይ አሳርፎ በመጀመሪያ በቀስታ፥ በኋላም ጠንከር አድርጎ እየተጫነ፥ በቀኝም በግራም ከእያንዳንዱ ጣት ሥር የአንዱን የውስጥ ክፍል ሁኔታ ያነባል። በ3ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሐኪም ዋንግ ሹሄ 24 የትርታ ዓይነቶችን ለይቶ ጽፏል፤ ተንሳፋፊ፥ ጥልቅ፥ አንሸራታች፥ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ እያለ።

በዚህ ምርመራ ውስጥ አንድ የሚመሰገን ነገር አለ፤ ሐኪሙ ከሕመምተኛው ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል፥ ያደምጠዋል፥ በእጁም ይዳስሰዋል። ሰልፍ በበዛበት ሐኪም ቤት ተራውን ጠብቆ የሐኪሙን ፊት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያየ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። ነገር ግን ደግነት አንድ ነገር ነው፥ ደዌን ለይቶ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ልዩ ልዩ የዚህ ጥበብ ባለሙያዎች አንዱን ሕመምተኛ ለየብቻቸው እንዲመረምሩ በተደረገባቸው ጥናቶች ብዙ ጊዜ የተለያየ ፍርድ ሰጥተዋል። ደግሞም በዚህ ትምህርት የጉበት ኃይል ታግዷል ሲባል ጉበት ራሱ ታሟል ማለት አይደለም፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ጤነኛ ጉበት ይዞ ሊሸበር ይችላል፤ የታመመ ጉበት ይዞም ተረጋግቶ ሊቀመጥ ይችላል፥ የከፋውም ይኸኛው ነው።

መንግሥታት በዚህ ነገር ላይ ያወጡት ትእዛዝ ታሪክ ለሹማምንት ትምህርት የሚሆን ነው። በሶንግ ነገሥታት ዘመን በ1027 ዋንግ ዌይዪ የተባለው ሐኪም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሁለት የነሐስ የሰው ምስሎችን አሠራ፤ በአካላቸውም ላይ ነጥቦቹ ሁሉ ተበስተው ነበር። ተማሪ በሚፈተንበት ጊዜ ምስሉ በሰም ተለብጦ ውስጡ ውሃ ይሞላል፤ ተማሪው መርፌውን በትክክለኛው ነጥብ ላይ ከተከለ ውሃው ይፈሳል፥ ከሳተ ግን አይፈስም። ፈተናው የሚያስደንቅ ነው፤ ይሁን እንጂ የተፈተነው ተማሪው ነጥቡን ማወቁ ነው እንጂ ነጥቡ ሕመምተኛን ማዳኑ አይደለም። በ1822 የቺንግ ንጉሠ ነገሥት ዳኦጓንግ የመርፌውና የእሳቱ ሕክምና ለንጉሥ አካል የተገባ አይደለም ተብሎ ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም እንዲወገድ አዘዘ። በ1929 በቻይና መንግሥት የጤና ጉባኤ ጥንታዊው ሕክምና ቀስ በቀስ እንዲጠፋ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የአገሩ ባሕላዊ ሐኪሞች በሻንግሃይ ተሰብስበው ተቃወሙ፥ ሐሳቡም ቀረ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የማኦ መንግሥት የአገር ሀብት ነው ብሎ ከፍ አደረገው፥ ትምህርት ቤቶችንም ከፈተለት። እንግዲህ ያው መርፌ አንድ ጊዜ ተከበረ፥ አንድ ጊዜ ተሻረ፥ ደግሞም ከበረ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ሕመምተኛው በእርግጥ ዳነ ወይስ አልዳነም ብሎ ቈጥሮ የጻፈ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ወሬም ከትእዛዝ የተሻለ ዳኛ አልሆነም። በ1971 ጄምስ ሬስተን የተባለው ታዋቂ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በቤጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታምሞ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ሐኪሞቹ ያደነዘዙት በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር፤ በማግሥቱ ሌሊት ሆዱ ሲነፋው ግን በክርኑና ከጉልበቱ በታች መርፌ ተክለውለት ሕመሙ ቀለለለት። ሬስተን ይህንኑ በቅንነት በጋዜጣው ጻፈ። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግን ሰውዬው ያለ ማደንዘዣ በመርፌ ብቻ ሆዱ ተቀደደ የሚል ተረት ሆነ፤ ይህም ተረት እስከ ዛሬ ይነገራል።

እውነተኛው ምርመራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2007 በታተመ የጀርመን ጥናት የወገብ ሕመም የጸናባቸው 1162 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ በቻይና ትምህርት መሠረት በትክክለኛው ነጥብ ተወጉ፤ ሁለተኛዎቹ ሳያውቁት ነጥብ ባልሆነ ስፍራ በስሱ ተወጉ፤ ሦስተኛዎቹ በመድኃኒትና በአካል እንቅስቃሴ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ ከመጀመሪያዎቹ 47.6 ከመቶ፥ ከሁለተኛዎቹ 44.2 ከመቶ፥ ከሦስተኛዎቹ 27.4 ከመቶ ተሻላቸው። ከዚህ ቁጥር ሁለት ነገር ይወጣል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። መርፌ መወጋት ለወገብ ሕመም የሚሰጠው እፎይታ አለ፤ የቺ መንገድና ነጥብ የሚባለው ትምህርት ግን በዚያ እፎይታ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲህ 20,827 ሕሙማን የተካተቱባቸው 39 ጥናቶች በ2018 ተጠቃለው ሲታዩ ትክክለኛው መርፌ ከሐሰተኛው በጥቂቱ እንደሚበልጥ፥ ጨርሶ ካለመወጋት ግን በብዙ እንደሚሻል ታይቷል። እነዚህም ጥናቶች የጀርባን፥ የጉልበትን፥ የራስንና ይህን የመሳሰለውን የቈየ ሕመም የሚመለከቱ ናቸው።

ይህን መሠረት አድርገው ውሳኔ የሰጡ መንግሥታት አሉ። የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን በሚሰጠው የሕክምና መድን ከ2020 ጀምሮ ለቈየ የወገብ ሕመም ብቻ፥ በ90 ቀን እስከ 12 ጊዜ ለሚደረግ የመርፌ ሕክምና ይከፍላል። በእንግሊዝም አገር የሕክምና መመሪያ አውጪው ተቋም በ2009 መርፌውን ለወገብ ሕመም ፈቀደ፥ በ2016 ማስረጃውን እንደገና መርምሮ ፈቃዱን አነሣ፥ በ2021 ምክንያቱ ላልታወቀ የቈየ ሕመም መልሶ አገባው። ይህ እንደ ወላዋይነት ሊታይ አይገባም፤ በማስረጃ የሰጠውን ፍርድ በማስረጃ የሚያሻሽል ዳኛ ተግባር ነው።

ለጥንታዊው ጥበብ ከሁሉ የሚበልጠውን ክብር ያስገኘው ደግሞ መርፌው ሳይሆን ቅጠሉ ነው። ወይዘሮ ቱ ዮዮ የተባሉት የቻይና ሊቅ የወባ መድኃኒት ሲፈልጉ በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ጌ ሆንግ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ የአሪቲ ወገን ተክል የተነገረውን አገኙ። ተክሉን አፍልተው ሲሞክሩት ፍሬ አልሰጠም ነበር፤ ጥንታዊው መጽሐፍ ግን በውሃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣትን እንጂ ማፍላትን አይናገርም። ሙቀቱ ኃይሉን ሳያጠፋው አይቀርም ብለው በኤተር ያለ ብዙ ሙቀት ቢያወጡት በ1971 ወባን በእንስሳት ላይ ድል ነሣ፤ ለሰውም ከመሰጠቱ በፊት እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በራሳቸው ቀመሱት። በ2015 የኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ። ኢትዮጵያም ከ2004 ጀምሮ ለወባ ዋና መድኃኒት አድርጋ የያዘችው ከዚሁ የተገኘውን ነው። ቱ ዮዮ የአባቶችን መጽሐፍ አልናቁም፥ ሳይፈትኑም አላመኑትም።

በአንጻሩ ፈተና የጎደለበት ቅጠል ያደረሰውም ጉዳት ሊረሳ አይገባም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅግ አገር ለመክሳት ተብሎ በተሰጠ የቻይና ቅጠል ውስጥ መርዛም ዝርያ ተቀላቅሎ ገብቶ ወደ መቶ የሚጠጉ ሴቶች ኩላሊታቸው ጠፋ። መርፌውም ቢሆን ንጽሕናው ካልተጠበቀ የጉበት በሽታን ከሰው ወደ ሰው ያሻግራል፤ በደረት ላይ ጠልቆ ከገባም ሳንባን ይበሳል፥ በዚህም የሞቱ ሰዎች አሉ።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ሊሠራ የሚገባው አስቸጋሪ አይደለም። ምርመራውና መርፌው መለየት አለባቸው። ሳንባ ነቀርሳ በአክታ፥ ወባ በደም፥ የስኳር በሽታም እንዲሁ በደም ይታወቃል እንጂ በትርታ አይታወቅም፤ ስለዚህ ማንም ሰው ደዌው በሐኪም ቤት ሳይታወቅ ለመርፌ መሰጠት የለበትም። ከታወቀ በኋላ ግን ወገቡ ወይም ጉልበቱ ለቈየበት ሰው፥ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ብዛት ጨጓራውን ለጎዳበትም ሰው፥ መርፌው በሠለጠነ እጅና አንድ ጊዜ ብቻ በሚሠራበት ንጹሕ መርፌ ሊፈቀድለት ይገባል። ከስትሮክ በኋላ ስለሚመጣው ሽባነት የሚነገረው ተስፋ ግን ማስረጃው ገና ደካማ ነውና ለቤተ ሰቡ በግልጽ ሊነገራቸው ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤተ ሰብ ለዚህ ሲል ከብቱን ይሸጣል።

የሕመምተኛውን ችግር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማው የንስሐ አባቱ ነው። ካህኑ የንስሐ ልጁን መርፌ ተወጋ ወይም አትወጋ ከማለቱ በፊት ደምህን ተመርምረሃልን ብሎ ቢጠይቀው ታላቅ ሥራ ይሠራል። በገዳማትና በደብተሮች እጅ ያሉት የመድኃኒት መጻሕፍት፥ በየገበያውም የሚታየው ዋግምት፥ በዚሁ ሚዛን ሊመዘኑ የሚገባቸው ናቸው፤ የቻይናውን በጥርጣሬ፥ የአገሩን በይሉኝታ መመዘን ፍርድ ማድላት ይሆናል።

የመርፌ ሕክምና የሚሰጥበት ሆስፒታል ሁሉ መዝገብ እንዲይዝ የጤና ሹማምንት ማዘዝ ይችላሉ። በመዝገቡም ላይ የደዌው ስም፥ የተወጋበት ቀን፥ ከሦስት ወር በኋላ ሕመምተኛው የተናገረው ይጻፍ፤ የዳነውም፥ ያልዳነውም፥ ከሕክምናው የቀረውም በአንድ መዝገብ ይጻፍ።