አስፋልቱን ማን ያስተምራቸው?

ከወይጦ ተነስቶ ወደ ጂንካ የመጣ መንገደኛ ሁሉ አይቷቸዋል። ቀይ አፈር አካባቢ የበና ብሔረሰብ ልጆች ሰውነታቸውን ነጭ ተቀብተው፣ በረጃጅም እንጨት ላይ ቆመው መኪና ይጠብቃሉ። ቱሪስት የጫነ ላንድክሩዘር ብቅ ሲል ወደ አስፋልቱ ይጠጋሉ። ፎቶ ይነሳሉ፣ ብር ይቀበላሉ፣ ቀጣዩን ይጠብቃሉ። ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ ግን ስለ ፎቶው የሚያውቀው ነገር የለም።

ያ እንጨት ድሮ እረኛ ልጅ ከእባብና ከአውሬ ራሱን የሚጠብቅበት ነበር ይባላል። ራስን መጠበቂያው ዛሬ ልጁን አደጋ ዳር አቁሞታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ጥፋቱም የልጆቹ አይደለም።

ያለፈው ትውልድ በዚህ አገር ልጅን እንዲሁ ወደ ዱር አልለቀቀም። በሐመር ሕፃን ልጅ በአንድ ጊዜ የከብት እረኛ አይሆንም። መጀመሪያ ከቤት ሳይርቅ ግልገል ይጠብቃል። ጠንከር ሲል ፍየል ይከተላል፤ ከብት ይዞ ራቅ ወዳለ ግጦሽ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። በየደረጃው ከእሱ ከፍ ያለ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ አብሮት አለ፤ ትምህርቱም ከዚያ ልጅ ነው። ማሽላ ሲያፈራ ደግሞ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ያባርራል። እህል የቤተሰቡ ነፍስ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ፀሐይ ነው።

ቱርሚ አጠገብ ያለውን የካስኬን ወንዝ እንውሰድ። በበጋ ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሴቶችና ልጆች አሸዋውን እየቆፈሩ ውሃ ያወጣሉ። አደጋው ያለው እዚያው ነው። በላይኛው አገር ሲዘንብ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ድንገት ይደርሳል። ስለዚህ ልጁ ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን የተራራውን ደመና ማየት፣ ድምፅ ሲሰማ ፍየሉን ሰብስቦ ዳር መውጣት ይማራል። ይህን የሚነግሩት ጎርፉን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው።

ጂንካ ከተማም የራሷ ሥርዓት ነበራት። ልጅ ሱቅ ሲላክ መሬት ላይ እንትፍ ተብሎ «ይህ ሳይደርቅ ተመለስ» ይባላል፤ እሱም እየበረረ ይመለሳል። መንገድ ላይ ያገኘው ጎረቤት ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ የመጠየቅ መብት ነበረው። የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ መሃል ከተማ ነበርና ከብት የሚግጥበትም ልጅ ኳስ የሚጫወትበትም እሱ ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ሜዳውን መልቀቅ እንዳለበት የማያውቅ የጂንካ ልጅ አልነበረም።

ያ ዘመን ይመለስ አልልም። ብዙ ልጅ ከመንጋ ኋላ ሲሄድ ትምህርት ቤት ሳያይ አድጓል፤ አዞ የበላውም አለ። ነባር ዕውቀት ሁሉን አይመክትም፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ ከ300 በላይ ሰው ሲጨርስ፣ የሞቱት ወንዙን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ዛሬ ግን አደጋው ተለውጧል። አስፋልት መጣ፣ የስኳር ፋብሪካ ከባድ መኪና መጣ፣ «ሥራ አስገባሃለሁ» እያለ ልጅ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስድ ደላላ መጣ። የበና አባት እባብን ለልጁ ማስተማር ይችላል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በስንት እርምጃ እንደሚቆም ግን ማን ነግሮት ያስተምር? ይህን የምናውቀው እኛ ነን፤ ሾፌሩ፣ አስጎብኚው፣ መምህሩ፣ ትራፊክ ፖሊሱ። ዝም ያልነውም እኛው ነን።

አስጎብኚዎች ሆይ፣ አስፋልት ዳር መኪና አቁማችሁ ፎቶ አታስነሱ፤ ብርም አታስከፍሉ። እንግዳው ልጆቹን ማየት ከፈለገ ወደ መንደራቸው ይዛችሁት ግቡ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋገሩ። ብሩ አስፋልት ዳር መገኘቱ ካበቃ ልጆቹም እዚያ አይቆሙም። መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ከመማሪያ ክፍል አውጥታችሁ መንገዱ ዳር ውሰዷቸው፤ ታላላቆቹ ታናናሾቹን እጃቸውን ይዘው እንዲያሻግሩ አስለምዷቸው። አያቶቻቸውም ያስተማሩት እንዲሁ ነው።