ዓሣ አጥማጁ መረቡን ለምን ይሰበስባል?

ምጽዋን ላየ አንባቢ ኮራል እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጥንቱ ከተማ ቤቶች የታነጹት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነውና። ነገር ግን ይህን ድንጋይ መሳይ ነገር ጥቃቅን እንስሳት በብዙ ዘመን የገነቡት መሆኑን፥ ከውቅያኖስ ወለል ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ስፍራ ይዞ ሳለም ከባሕር ፍጥረታት ሩቡን ያህል የሚያስጠጋ መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን?

ስለ ጥበቃው ሲነገር ዘወትር የሚቀድመው የኮራሉ ውበት ነው። እኛ ግን ውበት የጎብኚን ዓይን ይማርክ እንደ ሆነ እንጂ፥ የልጆቹን ራት ከባሕር የሚያወጣውን ሰው መረቡን ያስጥለዋል ብለን አናምንም። ይህን ለማለት ያበቃን በማዳጋስካርና በኬንያ የሆነው ነገር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ አንዳቫዱአካ በምትባል መንደር፥ ሴቶች ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት በእግራቸው እየሄዱ ኦክቶፐስ የተባለውን ባለ ስምንት ክንድ እንስሳ ከኮራሉ ጉድጓድ በሾለ ዘንግ እየወጉ ያወጣሉ። ለቤተ ሰቡ ሩዝ የሚገዛው በዚህ ነው። በ2004 የመንደሩ ሰዎች ከሚያጠምዱባቸው ስፍራዎች አንዱን ለሰባት ወር ያህል ዘጉት። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር፥ ዕድገቱ ግን እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ፥ ስፍራው በተከፈተ ጊዜ የተያዘው ከቀድሞው የከበደ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሰባኪ አላስፈለገም፤ የጎረቤት መንደሮችም «እኛስ?» ማለት ጀመሩ። ቅናት ክፉ ነው ይባላል፤ በዚህ ግን በጎ ሥራ ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሃያ የሚበልጡ መንደሮች ተባብረው ቬሎንድሪያኬ የተባለውን የጋራ ጥብቅ ስፍራ አቋቋሙ፤ ከኮራሉም አንዳንዱን ክፍል ለዘለቄታው ዘጉት።

በኬንያ ጠረፍ በኩሩዊቱ ነገሩ እንዲህ የቀለለ አልነበረም። በዚያ ሽማግሌዎች በልጅነታቸው የሚያውቁት ዓሣ እየጠፋ መሄዱን አይተው በ2003 ማኅበር መሠረቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም 30 ሄክታር ያህል ባሕር እንዳይጠመድበት ተወሰነ። ነገር ግን ዓሣ እንደ ኦክቶፐስ በወራት አይደርስም። ኮራልማ ከሁሉ ይዘገያል፤ ክብና ግዙፍ ሆኖ የሚያድገው ዐይነት በዓመት የሚጨምረው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ እምቢ ያሉ ነበሩ፤ እኛም አንፈርድባቸውም። ዛሬ ማታ ለልጆቹ የሚያቀርበውን የሚያስብ አባት፥ «ከአምስት ዓመት በኋላ ይበዛልሃል» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? የብዙዎቹን ልብ ያጸናው፥ ክልከላው ከሩቅ ቢሮ የወረደ ትእዛዝ ሳይሆን የሚያውቋቸው የገዛ ሽማግሌዎቻቸው ቃል መሆኑ ይመስለናል፤ በኋላም ዓሣው ተመልሶ ሲበዛ በዓይናቸው አዩ።

የባሕር ሙቀት ግን ለማኅበር አይታዘዝም። በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በላይ በመሞቁ፥ ኮራሉ በውስጡ እየኖሩ የሚመግቡትን እጅግ ጥቃቅን ዕፀዋት ከአካሉ አውጥቶ ነጣ፤ ብዙውም ሞተ። ያን ሙቀት ያመጡት ዓሣ አጥማጆቹ አይደሉም። በእጃቸው ያለው፥ ኮራሉን የሚያፍነውን የባሕር ሣር የሚግጡትን ዓሦች ሳያጠምዱ መተውና ከሙቀቱ የተረፈው እንዲያገግም ጊዜ መስጠት ነው።